የልጅን ጭንቅ ማን ያዋልዳል?

«ልጅ ደግሞ ምን ያስጨንቀዋል?» እንላለን። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ቀድሞ የተዘጋ መልስ ነው። ልጅ ግብር አይከፍል፣ የማዳበሪያ ዕዳ የለበት፣ ቤተሰብ አያስተዳድር፤ ሲርበው ይበላል፣ ሲመሽ ይተኛል። ታዲያ ምኑ ያስጨንቀዋል? ልጁ የገጠር ልጅ ከሆነማ ክርክሩ ሳይጀመር ያልቃል። ጭንቀት የከተማ ሰው በሽታ፣ የተማረ ሰው ቅንጦት ተደርጎ ስለሚታይ፣ ከብት ሲጠብቅ የዋለ ጎረምሳ ወይም ውኃ ቀድታ የተመለሰች ኮረዳ «ጨነቀኝ» ብትል ሰሚው ከመደንገጡ በፊት ፈገግ ይላል። «እናንተ ደግሞ! ገና ምን አያችሁና!»

ምን እንዳዩ ለማወቅ አንድ ጊዜ ወደ አብደራፊ መውረድ ነው።

ከጎንደር ተነስቶ በትክል ድንጋይ፣ በሳንጃና በአብርሃጅራ አልፎ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርድ ሰው ደጋውን ከኋላው ይተውና ሙቀቱ በበጋ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ሰፊ ሜዳ ላይ ይደርሳል። ምዕራብ አርማጭሆ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ፣ ዛፉ ግራር፣ እርሻው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ሲያስገኝ የኖረ ሰብል ነውና፣ ይህ ሜዳ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሸጠው መድኃኒትና ነዳጅም የራሱን ያዋጣ ሜዳ ነው ማለት ነው። ሰሊጥ ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው። ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ያልታጨደ እንደሆነ ማቀፊያው ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ ከደጋው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ማጭዱን ይዞ ወደ ምዕራቡ ቆላ ይጎርፋል። ከወራጆቹ መካከል ጢም ያላወጡ ልጆች አሉ።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ልብ በሉ። ሰሊጥ የሚታጨደው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተውስ? መስከረም ላይ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በማጭዱና በደብተሩ መካከል ይቆማል። ደብተሩን ቢመርጥ እናቱ ለደብተሩ የምትከፍለው የላትም፤ ማጭዱን ቢመርጥ የደብተሩ ወር ያልፋል። «አጭጄ፣ ገንዘቤን ይዤ፣ ጥቅምት ላይ እመለሳለሁ» ይላል። የሚመለስ አለ፤ የማይመለስም አለ። ይህን ሒሳብ ሌሊት ጣራ ጣራ እያየ የሚያሰላው ልጅ ነው እንግዲህ «ምን ያስጨንቀዋል?» የምንለው።

ሜዳው ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ትኖራለች። ከትንኝ ታንሳለች፤ ማታ ስትነድፍ ድምፅ የላትም። ሕመሙ ወዲያው አይወጣም፤ ብዙውን ጊዜ ወራት ቆይቶ፣ ሰውየው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ሆኖ ይመጣል። ካልታከሙት ይገድላል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አብደራፊ ላይ ለዓመታት ሲያክም የኖረው ይህንኑ ካላዛርና የእባብ ንድፊያን ነው። መሬት ላይ የሚተኛው ልጅ የነደፈውንም ያልነደፈውንም እኩል ይፈራል፤ የቱ እንደነደፈው አያውቅማ!

ይህ እንግዲህ ሰላም በሆነበት ዓመት ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሳ የአካባቢው ልጆች የመድፍ ድምፅና የስደተኛ ወሬ ሰሙ። ወር ሁለት ወር ሳይቆይ በአል ፋሽቃ የድንበሩ ውዝግብ ተቀሰቀሰና ብዙ ገበሬ የለፋበትን እርሻ ጥሎ ወጣ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን በጦርነት ስትታመስ ሻንጣና ሕፃን የተሸከሙ ሰዎች በመተማ በኩል ገቡ። የዚያኑ ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ተነሳ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች መስከረም ሲደርስ በራቸውን አልከፈቱም። «እገታ» የሚለው ቃል እንኳን ለነጋዴና ለሹፌር፣ ለተማሪም የተለመደ ቃል ሆነ። በ2013 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ጉርምስናውን የጀመረው በዚህ ውስጥ ነው።

የልጅቱ ጭንቅ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን ወንጀል አድርጎታል። ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ልጅቱ የምትኖረው በነጋሪት ጋዜጣው ላይ ሳይሆን በእናቷ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ማታ የማታውቃቸው ሽማግሌዎች መጥተው ይቀመጣሉ። ቡና ታፈላለች። ስለምን እንደመጡ የሚነግራት የለም፤ እሷም አትጠይቅም፤ ከእናቷ ፊትና ከአባቷ ድምፅ ትገምታለች። «እንዲያው ለጨዋታ መጥተው ነው፤ አንቺ ምን አስጨነቀሽ?» ትባላለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይመታል።

ከዚህ አልፋ ሁለተኛ ደረጃ የገባች እንደሆነ ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ነው። ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ እየሄደች ስንቅ እያመጣች ትማራለች። የመንገዱ ነገር፣ የአከራዩ ነገር፣ ሰሊጥ ሸጦ ኪሱ የሞላ ጎልማሳ በየምሽቱ የሚጥለው ቃል ሁሉ ከትምህርቱ ጋር አብሮ ይጠናል። ከመንገዱ ጫፍ ላይ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ቆሟል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ወደ 30 ሺህ ገደማ፣ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለከተማ ልጅ ይህ ቁጥር መርዶ ነው። ለዚህች ልጅ ግን ከመርዶም በላይ ነው፤ ከወደቀች የሚጠብቋት ሽማግሌዎች አሉና።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህ ሁሉ የከበበው ልጅ ሲጨነቅ ታምሟል ወይስ በትክክል አይቷል?

የዴንማርኩ ፈላስፋ ሶረን ኪርክጋርድ እ.ኤ.አ. በ1844 ስለ ጭንቀት አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ከሐሳቦቹ አንዱ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ፍርሃት የሚፈራው ነገር አለው፤ ጅብ፣ ሽፍታ፣ ጎርፍ። ጭንቀት ግን የሚጠቁመው ነገር የለውም። ገደል አፋፍ ላይ የቆመን ሰው ራሱን የሚያዞረው ጥልቀቱ ብቻ አይደለም፤ መዝለልም አለመዝለልም በእጁ መሆኑ ጭምር ነው። ስለዚህ ጭንቀት ነፃነት ያለው ፍጡር የሚከፍለው ግብር ነው። ኮፐንሃገን ላይ የተጻፈው ይህ ሐሳብ አብደራፊ ላይ ሲነበብ ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም። ልጁ ማጭድና ደብተር ይዞ መምረጡ እውነት ነው፤ እዚያ ላይ ፈላስፋው ገብቶታል። ነገር ግን የአብደራፊ ልጅ ጭንቀት የሚጠቁመው ነገር አላጣም። ጣቱን ዘርግቶ አንድ በአንድ መቁጠር ይችላል።

መቁጠር ከቻለ ደግሞ «አትፍራ» ማለት ምን ማለት ነው? ዓይኑ ያየውን አላየህም ማለት ነው። ልጁ ያኔ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ በራሱ ዓይን ላለማመን። ሁለተኛ፣ ለአዋቂ ላለመናገር። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ሐቁን እንነጋገር ከተባለ «አትፍራ» የምንለው ብዙ ጊዜ ለልጁ ብለን አይደለም፤ ለራሳችን ብለን ነው። ጦርነቱን ያመጣው ልጁ አይደለም። ክሊኒኩን ሩቅ ያደረገው፣ የትምህርት ቤቱን በር የዘጋው፣ ሽማግሌ የላከውም ልጁ አይደለም። የልጅ ጭንቀት በአዋቂዎች ስም የተጻፈ የዕዳ ወረቀት ነው። «ዝም በል» ስንለው ወረቀቱን መቅደዳችን ነው። ወረቀቱ ቢቀደድ ግን ዕዳው የት ይሄዳል?

ዕዳውማ ስም ቀይሮ ይመጣል። አገራችን ለወንድ ልጅ ጭንቀት ያላት ስም አንድ ነው፤ ፈሪ። «ፈሪ ለእናቱ» የሚል ተረት ባደገበት ቀዬ፣ መሣሪያ ትከሻው ላይ ያላንጠለጠለ ወንድ ጎደሎ በሚመስልበት ቆላ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ «ሌሊት ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለኝም» ብሎ ለማን ይናገራል? ስለዚህ ጭንቀቱን ሌላ ልብስ ያለብሰዋል። አንዱ በአረቄ ይሸፍነዋል፣ ሌላው በጠብ፣ ሌላው አንድ ሌሊት ማንንም ሳይሰናበት ድንበር በመሻገር። እኛም ማግስቱን «ምን ነካው? ጤነኛ ልጅ አልነበር?» እንላለን።

ለልጅቱ ጭንቀት ያለን ስም ደግሞ የባሰ ነው፤ ጨዋ እንላታለን። አንገቷን ደፊ፣ ዓይን አፋር፣ ድምፅዋ የማይሰማ! ከሰው ፊት እጇ የሚንቀጠቀጠውን፣ እህል አልወርድ ያላትን ልጅ አይተን ለልጃችን ሚስት እንድትሆን እንመኛታለን። የወንዱን ጭንቀት በስድብ እንቀብረዋለን፤ የሴቷን በምስጋና። ስድብስ ቢያንስ ያማል፣ ሰው ሊቆጣበት ይችላል። በምስጋና የተቀበረ ሕመም ግን ማን ይቆፍረዋል?

የስም ነገር እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ እዚያው ጎንደር ውስጥ የደረሰ አንድ ታሪክ ያስተምረናል። በሊቦ ከምከም ካላዛር ሲገባ ማንም አላወቀውም ነበር። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው ይባላልና ማን በደጋ ይጠብቀዋል? ሰዉ ሲተኩሰውና ሲከሳ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ፤ ለወባ የሚሰጠው ተሰጠ። ግንቦት 1997 ዓ.ም. ላይ ስሙ በትክክል እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ሰው አልቋል። ወደ ደጋው ያመጡት ቆላ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይገመታል። ልጆቹ ከበረሃው ይዘውት የሚመለሱት ጭንቀትም እንዲሁ ነው። «ስንፍና ነው» ያልነው እንደሆነ መድኃኒቱ ዱላ ይሆናል። «ጥጋብ ነው» ካልነው ሥራ እንጨምርለታለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሽታውን እንዲደብቅ ያስተማረውስ ማነው?

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ መስማት ይገባናል። «እኛስ እንዴት አደግን?» ይላሉ ታላላቆቻችን። «በሰባ ሰባት ድርቅ አደግን፣ በጦርነት አደግን፤ ማንም ጨነቀህ ወይ ብሎ አልጠየቀንም። ይኸው ቆመናል! ይልቅ ልጁን ጨነቀህ ወይ፣ ጨነቀህ ወይ እያላችሁ አታልፈስፍሱት።» ይህ ክርክር ከንቱ አይደለም። መከራ አንዳንዱን ሰው ያጠነክረዋል። ደግሞም እያንዳንዱን ፍርሃት በሽታ ብሎ መጥራት ልጁን ከራሱ ጉልበት ያለያየዋል፤ ፈተና ሲደርስ ሆዱ የሚረበሽ ተማሪ ሁሉ ሐኪም አያስፈልገውም።

ቢሆንም ክርክሩ አንድ የሚጎድለው ነገር አለ፤ «ይኸው ቆመናል» የሚሉት የቆሙት ብቻ ናቸው። የወደቁት ክርክሩ ላይ አልተጠሩም። በአንድ ወቅት «ደህና ነበር፣ ድንገት ነው» የተባለላቸው፣ ወጥተው ያልተመለሱ፣ ጓሮ ውስጥ ታስረው የኖሩ ዘመዶች የሌሉበት ቤት ስንት ነው? የቆምነውስ ቢሆን ሌሊት በእንቅልፍ ልባችን ስንጮህ የሚሰሙት ሚስቶቻችንና ልጆቻችን ምስክር ናቸው። መጠንከርና መደንዘዝ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ለልጆቻችን የምናወርሰው የትኛውን እንደሆነ ሳናጣራ «አጠነከረን» ማለት ይከብዳል።

ደስ የሚለው፣ መፍትሔውን ከሩቅ አገር ማስመጣት አያስፈልገንም። ጭንቅን እንዴት እንደሚያዙት ይህ ሕዝብ ያውቃል። ቃሉ ራሱ ይናገራል። «ጭንቅ ላይ ናት» የምንለው ማንን ነው? ምጥ የያዛትን ሴት አይደል? ምጥ የያዛትን ሴት «አትፍሪ፣ ምን ያስፈራሻል?» የሚል ሰው በአገራችን የለም። «እኔም ወልጄ የለ ወይ፤ ዝም በይ» የሚላትም የለም። ጎረቤት ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። አንዷ ወገቧን ትይዛለች፣ አንዷ እሳት ታነዳለች፣ ቤት ሙሉ ሴት «ማርያም፣ ማርያም» ይላል፤ ሙስሊሟም ጎረቤት በዱዓዋ ታግዛለች። ምጡን የሚወስድላት የለም፤ ብቻዋን ግን አትሆንም። የነገሩን አደገኛነትም የሚክድ የለም፤ ሰው የተሰበሰበው አደገኛ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። የከበደም እንደሆነ ቃሬዛ ተዘጋጅቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። ሐዘን ላይም እንዲሁ ነን። ለቀስተኛ ገብቶ ብዙ አያወራም፤ ይቀመጣል። መቀመጡ ነው ቁም ነገሩ።

ታዲያ ለእናት ምጥ የምናውቀውን፣ ለሟች ቤተሰብ የምናውቀውን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለምን ነፈግነው? የልጅ ጭንቅ ማርያም የማይባልበት ምጥ ሆኗል።

ከልጅ ጭንቅ ጋር መቀመጥ ማለት ደግሞ ትልቅ ነገር አይደለም። እናት ማታ እሳት ዳር «ዛሬ ምን ሆነህ ነው?» ብላ ጠይቃ፣ «ምንም አልሆንኩም እማየ» ሲላት ተነስታ አለመሄድ ነው። አባት ሽማግሌ የመጣበትን ነገር ለልጁ ፊት ለፊት መንገር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «አልፈልግም» የማለት መብት እንዳላት አፍ አውጥቶ መናገር ነው። መምህር ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከማጨድ የተመለሰውን ተማሪ «አልቋል፣ ሂድ» ከማለት በፊት የት እንደከረመ መጠየቅ ነው። ባለእርሻ ደግሞ ልጅ አለመቅጠር፣ ለቀጠረው ጎልማሳም አጎበርና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ነው። ከፊሉ ጭንቀት በምክር ሳይሆን በአጎበር ይቀንሳል! በትክክል ያየ ልጅ የሚያጽናናው ያየው ነገር ሲቀየር ነውና።

በትክክል ማየትም ቢሆን ልክ አለው። ሌባ ሲመጣ የሚጮህ ውሻ ጥሩ ውሻ ነው፤ ሌባው ሄዶ፣ ነግቶ፣ ሳምንት አልፎ መጮሁን ካላቆመ ግን ውሻው ታሟል። ልጅ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ራሴን፣ ሆዴን፣ ልቤን እያለ ምርመራው ምንም ካላሳየ፣ የሚወደውን ጨዋታ ከተወ፣ ከሰው ከሸሸ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ የምጡ ቃሬዛ የሚዘጋጅበት ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይናገራል። ይህ እንግዲህ የዓለም ቁጥር ነው፤ መንደራችን ከዓለም ውጭ አይደለችም። ጤና ጣቢያ መጠየቅ፣ ከከበደም እስከ ጎንደር ሆስፒታል መውሰድ አሳፋሪ አይደለም። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ ጸበሉ ሐኪሙን አይከለክልም፣ ሐኪሙም ጸበሉን።

መንገዱ ረጅም መሆኑን፣ አንዳንዴም የተዘጋ መሆኑን አውቃለሁ። መንገድ ሲዘጋ ግን ቢያንስ የቤቱ በር መከፈት አለበት። «አይዞህ» የሚል ውብ ቃል አለን፤ ሌላው ዓለም በሁለትና በሦስት ቃል የሚለውን እኛ በአንድ ቃል እንላለን። ችግሩ ቃሉን ቆመን፣ ወደ በሩ እየሄድን መናገራችን ነው። ከእንግዲህ ለአንድ ልጅ «አይዞህ» ስንል መጀመሪያ ቁጭ እንበል።